«ፒካፕ» እንዴት ይሠራል?

ሐኪም ቤት ቼካፕ ታደርጋላችሁ። ሙሽራዋ ሜካፕ ትሠራለች። ወጣቱ ጠዋት ተነስቶ ፑሻፕ ይሠራል፤ ዕቃ የሚጭን ሰው ደግሞ ፒካፕ መኪና ይፈልጋል። እነዚህን ቃላት ለያይተን ብናያቸው እያንዳንዳቸው ሁለት ቃል ናቸው፤ አንድ ግስ፣ ከኋላው ደግሞ «አፕ» የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል።

በትምህርት ቤት «ፍሬዛል ቨርብ» ተብሎ ስንት ተማሪ በቃሉ ሊያጠናው የሚታገለው ነገር ይኸው ነው። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ከማጥናት ይልቅ ፈትቶ ማየት ይሻላል። ዛሬ አንዱን፣ «ፒክ አፕ»ን፣ የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንፍታው።

ከቡና እንጀምር። «ፒክ» ለብቻው መምረጥ፣ መልቀም፣ መቅጠፍ ነው። «ፒክ ኮፊ» ያለ ሰው ጅማ ወይም ይርጋ ጨፌ፣ ከቡናው ተክል ሥር ቆሞ ቀዩን ፍሬ እየለቀመ ነው። «ፒክ አፕ ኮፊ» ያለ ሰው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ሱቅ ጎራ ብሎ ቡና ይዞ ይመጣል። ግሱ ያው ነው። ሰውየውን ከማሳ አውጥታ ሱቅ ያስገባችው «አፕ» ናት።

አሁን ሞክሩት። ሦስት ቲማቲም ጠረጴዛው ላይ ደርድሩና እንግሊዝኛ የሚማረውን ልጅ «ፒክ ኤ ቶማቶ» በሉት። በጣቱ ቢያሳያችሁም ትክክል ነው፤ መርጧልና። ቀጥላችሁ «ፒክ አፕ ኤ ቶማቶ» በሉት። አሁን መጠቆም አይበቃም፤ ቲማቲሙ ከጠረጴዛው መነሳት አለበት።

ከዚህ ማንሳት ሌሎቹ ትርጉሞች ይወለዳሉ። «አይ ፒክ አፕ ማይ ዶተር ፍሮም ስኩል» ማለት ልጄን ከትምህርት ቤት እወስዳለሁ ነው። «ሺ ዲድንት ፒክ አፕ» ማለት ስልኩን አላነሳችም። «ሂ ፒክት አፕ አረቢክ ኢን ዱባይ» ሲባል ደግሞ ሰውየው ክፍል ገብቶ ሳይማር፣ ሥራ ቦታ እየሰማ ዓረብኛ ለመደ ማለት ነው። ጉንፋንም እንዲሁ ከሰው መሃል «ፒክ አፕ» ይደረጋል።

አያይዛችሁ ተመልከቷቸው። ቲማቲሙ፣ ልጅቷ፣ ቋንቋው፣ ጉንፋኑ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ነበሩ፤ አሁን ከሰውየው ጋር አብረው ሄዱ። በበዓል ሰሞን ነጋዴው «ቢዝነስ ፒክስ አፕ» ሲል ደግሞ መነሳቱ የራሱ የገበያው ነው፤ ቀዝቅዞ የነበረው ሥራ ነቃ ማለቱ ነው።

ከትርጉሙ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ብልሃት የ«አፕ» ቦታ ነው። «ፒክ አፕ ዘ ስፑን» ማለት ይቻላል፤ «ፒክ ዘ ስፑን አፕ» ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ማንኪያውን አንሳ ነው። የማንኪያውን ስም ትታችሁ በ«ኢት» ስትተኩት ግን ምርጫው ያበቃል። «ፒክ ኢት አፕ» ትክክል ነው፤ «ፒክ አፕ ኢት» ስህተት ነው።

ምክንያቱን ለመያዝ ድስትና ክዳኑን አስቡ። ግሱ ድስቱ፣ «አፕ» ክዳኑ ናት። «ኢት» ትንሽ ስለሆነች ድስቱ ውስጥ ትገባለች፤ ክዳኑም ይገጥማል። ረጅም ጭልፋ ከሆነ ግን ክዳኑን ገጥማችሁ ጭልፋውን ውጭ ታስቀምጡታላችሁ። ለዚህ ነው «ፒክ አፕ ዘ ስፑን ዛት ፌል አንደር ዘ ቴብል» የሚባለው። «ጠረጴዛው ሥር የወደቀውን ማንኪያ» የሚያህል ረጅም ሐረግ መሃል ብታስገቡት አድማጩ «አፕ»ን ሲጠብቅ ይደክማል።

የዚህ ሁሉ ሥር ድምፅ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩን ጉልህ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻ ያስቀምጣል። «ኢት» ደግሞ ቀድሞ የታወቀን ነገር ስለምትተካ ዝቅ ባለ ድምፅ የምትባል ቃል ናት፤ የጎላውን ድምፅ አትሸከምም። «አፕ» ግን ትሸከመዋለች። እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉና «ፒክ ኢት አፕ» እያላችሁ ድምፃችሁ በሚጎላበት ቃል ላይ መታ አድርጉ። እጃችሁ «አፕ» ላይ ማረፍ አለበት።

አሁን የመኪናውን ስም ጥሩ፣ «ፒካፕ»። በእንግሊዝኛ እዚህ ጋ የሚጎላው «ፒክ» ነው። ስለዚህ አንድ እንግሊዛዊ ስለ መኪና ያውራ ወይም ዕቃ አንሳ ይበል፣ ድምፁ ብቻ ይለየዋል። «ቼካፕ» እና «ሜካፕ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ስም ሲሆኑ መጀመሪያው፣ ግስ ሲሆኑ መጨረሻው ይጎላል።

ይህ የእጅ ፈተና ሌላም ነገር ያጣራላችኋል። «ሉክ ፎር» መፈለግ ነው። ይህም ሁለት ቃል ነው፤ ግን «ሉክ ፎር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት ፎር» አይባልም። መታ እያደረጋችሁ በሉት፤ የሚጎላው «ሉክ» ነው፤ «ፎር» ደከም ብላ ከ«ኢት» ጋር ትያያዛለች። ትንሿ ቃል ድምፅ ካልተሸከመች መለያየትም አትችልም።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። «ብድግ አደረገ» የሚለውን ውሰዱ፤ የ«ፒክ አፕ» የቅርብ ዘመድ ነው። «ብድግ አደረግሁ»፣ «ብድግ አደረገች»፣ «ብድግ አደረጉ» ስንል የሚለዋወጠው አንደኛው ቃል ብቻ ነው፤ «ብድግ» እንዳለ ይቆያል። እንግሊዝኛውም «ፒክ አፕ»፣ «ፒክስ አፕ»፣ «ፒክት አፕ» ይላል፤ «አፕ» ንክች አትልም። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ነው፤ በእኛ የሚለዋወጠው ቃል መጨረሻ ላይ ነው፣ በእነሱ መጀመሪያ ላይ።

«ልጁ ቁጭ አለ» ሲባልም ማናችንም ልጁ «ቁጭ» ብሎ ተናገረ ብለን አንረዳም። ሁለቱን ቃል እንደ አንድ እንሰማቸዋለን። «ቢዝነስ ፒክስ አፕ» ውስጥም «አፕ» ወደየት እንደምትወጣ መፈለግ አያሻም።

ነገሩ የውጭ ሰውን ማስቸገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ፣ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የከበደው ግስን ከኋላው በምትከተል ትንሽ ቃል መለወጥ እንደሆነ ጽፏል። እንዲህ ዓይነቶቹን ግሶችም በጥንቃቄ እየለቀመ አስገብቷል። ስለዚህ የተቸገረ ተማሪ ስንፍና ነው ብሎ ራሱን አይውቀስ።

ዛሬ ማታ በቤታችሁ ሥራ ላይ ተለማመዱት። መብራት ስታጠፉ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት»፣ ከዚያ «ተርን ኢት ኦፍ»። ጃኬት ስትለብሱ «ፑት ኦን ዘ ጃኬት»፣ ከዚያ «ፑት ኢት ኦን»። ቆሻሻ ስታወጡ «ቴክ አውት ዘ ትራሽ»፣ ከዚያ «ቴክ ኢት አውት»። እጃችሁ እየሠራ አፋችሁ ይበል፤ «ኢት» መሃል ስትገባም ጉልህ ድምፁ ትንሿ ቃል ላይ ይረፍ።

አዲስ ጥምር ስታገኙም ትርጉሙን ከመጻፋችሁ በፊት «ኢት»ን መሃሉ አስገብታችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ከገባ የሚለያይ ነው፤ ካልገባ የማይለያይ ነው። ደብተራችሁ ላይ ከትርጉሙ ጎን ይህንን ብትጽፉ፣ ቃሉን ከማወቅ አልፋችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳትሳሳቱ ትጠቀሙበታላችሁ።