200 አስተናጋጅ፣ 10 ምድጃ፦ የጃቫ ድረ ገጽ ለምን ይንቀራፈፋል?

የፈተና ውጤት በኢንተርኔት የሚለቀቅበትን ቀን አስቡ። ተማሪው ሁሉ መለያ ቁጥሩን አስገብቶ «ፈልግ» የምትለዋን ይጫናል። ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ አይከፈትም። «ኔትወርኩ ነው!» ብለን እናማርራለን። አንዳንዴ እውነት ነው። ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ወረፋው ሰርቨሩ ውስጥ የሚሆንበት ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ገጹ የተሠራው በጃቫ ነው እንበል። የጃቫ ፕሮግራመር ሁሉን ነገር ከዜሮ አይጀምርም፤ ስፕሪንግ ቡት የሚባለውን ማዕቀፍ ይወስዳል። በውስጡ ቶምካት የሚባል ሰርቨር አብሮ ይመጣል። ቶምካትን እንደ ምግብ ቤት ቁጠሩት። አስተናጋጆቹ «ትሬድ» ይባላሉ፤ አንዱ አስተናጋጅ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ማንም ካልቀየረው ቁጥራቸው ቢበዛ 200 ነው። ምግቡ የሚበስለው ግን ጓዳ፣ ዳታቤዙ ጋ ነው። ወደ ዳታቤዙ የሚወስዱትን መስመሮች የሚያከፋፍለው ሂካሪ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው (ስሙ በጃፓንኛ «ብርሃን» ማለት ነው)። እሱ ደግሞ ካልነገሩት በስተቀር ከ10 መስመር በላይ አይከፍትም። 200 አስተናጋጅ፣ 10 ምድጃ ማለት ነው።

አሁን እናስላ። አንድን ውጤት ለማውጣት መስመሩ ለ50 ሚሊሰከንድ ይያዛል እንበል። አንድ መስመር በሰከንድ 20 ተማሪ ያስተናግዳል፤ አሥሩ ተደምረው 200። በሰከንድ 500 ተማሪ ቢመጣስ? በየሰከንዱ 300 ሰው ወረፋው ላይ ይጨመራል። ቶምካት በልማዱ እስከ 8192 ግንኙነት ይቀበላል። ያ ሁሉ ሲሞላ፣ መጨረሻ የገባው ተማሪ 8192 ለ200 ሲካፈል፣ ወደ 41 ሰከንድ ገደማ ይጠብቃል። ማን ነው 41 ሰከንድ የሚታገሠው? ገጹን እንደገና ይከፍተዋል። ሰርቨሩ ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ አልተወውም፤ አንድ ተማሪ ሁለት ቦታ ተሰለፈ ማለት ነው።

እዚህ ጋ የብዙ ጀማሪ እጅ ወደ ማስተካከያ ፋይሉ ይሮጣል፤ 200 የሚለውን 1000 ያደርገዋል። ምን ተለወጠ? ምድጃው ያው 10 ነው፤ የሚወጣው ምግብም በሰከንድ ያው 200። ወረፋው ከበሩ ተነስቶ ጓዳው ደጃፍ ላይ ተሰለፈ፣ በቃ። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ትሬድ ብዙ ጊዜ እስከ 1 ሜጋባይት ሚሞሪ ይመደባል።

«እሺ፣ መስመሩን 100 እናድርገውስ?» ትሉ ይሆናል። ይሄ የተሻለ ጥያቄ ነው፣ ግን ዳታቤዙም የሚሠራው በኮምፒውተር ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ 4 ኮር ብቻ ካለው፣ መቶ ሥራ በአንዴ ሲወድቅበት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ጊዜ ያባክናል። የሂካሪ ሠሪዎች ለመነሻ ያህል የሚጠቁሙት ስሌት የኮሩን ብዛት በ2 አባዝቶ የዲስኩን ብዛት መደመር ነው። 4 ኮርና 1 ዲስክ ካለ መልሱ 9 ነው። ትንሽ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል።

አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ማረጋገጫውን ያሳተመለት አንድ ቀላል ሕግ አለ፦ በአንድ ቦታ ያሉት ሰዎች ብዛት፣ በሰከንድ የሚገቡት ቁጥር እያንዳንዱ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ ነው። ለባንክ ወረፋም ለሰርቨርም ይሠራል። ከላይ ያሰላነው ሁሉ እሱው ነው። ምድጃው 10 ሆኖ ከቀጠለ፣ የቀረን የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ነው።

በመለያ ቁጥሩ ላይ ኢንዴክስ ከሌለ ዳታቤዙ አንድ ውጤት ለማግኘት ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ማውጫ የሌለው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል እንደ መፈለግ። ኢንዴክስ ተሠርቶለት 50ው ሚሊሰከንድ ወደ 5 ቢወርድ፣ እነዚያው 10 መስመሮች በሰከንድ 2000 ተማሪ ያስተናግዳሉ። በማስተካከያው ፋይል ውስጥ አንድም ቁጥር አልተነካም! ሌላም አለ፦ ስፕሪንግ ቡት «ኦፕን ኢን ቪው» የሚባል ማስተካከያ በርቶ ነው የሚመጣው። በዚህ ምክንያት ገጹ ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ድረስ መስመሩ ሊያዝ ይችላል፤ ምግቡ ወጥቶ ምድጃው ላይ ባዶ ድስት ጥዶ እንደ መቆም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የወጣው ጃቫ 21 «ቨርቹዋል ትሬድ» ይዞ መጥቷል። እነዚህ አስተናጋጆች በጣም ርካሽ ስለሆኑ በመቶ ሺህ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ግሩም ነገር ነው፤ ግን ምድጃ አይጨምሩም።

ላፕቶፕ ካላችሁ ይህን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ትንሽ የስፕሪንግ ቡት ፕሮግራም ሥሩና ጄሜትር በሚባለው ነፃ መሣሪያ ብዙ ተጠቃሚ አስመስላችሁ ላኩበት። ከዚያ ሂካሪ ከሚያሳያቸው ቁጥሮች «ፔንዲንግ» የሚለውን፣ መስመር ለማግኘት የሚጠብቁትን ትሬዶች ብዛት ተከታተሉ። መጀመሪያ የቶምካትን ትሬድ ጨምሩ፣ ቁጥሩን መዝግቡ፤ ከዚያ ወደ ነበረበት መልሳችሁ ኢንዴክሱን ሥሩና እንደገና መዝግቡ።