ከኦክላንድና ከሳን ሆዜ እስከ ቦሌ

በካሊፎርኒያ ካለው የኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት ወደ 14,460 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሳን ሆዜ ሲለካ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ጠፍጣፋ ካርታ ለሚያይ ሰው መንገዱ አሜሪካን አቋርጦ በአትላንቲክ ላይ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ይመስለዋል። ምድር ድቡልቡል በመሆኗ ግን አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ይወጣል። በሰሜን ካናዳና በግሪንላንድ በረዶ ላይ አልፎ፣ ኖርዌይን፣ መካከለኛው አውሮፓንና ባልካንን አቋርጦ፣ በግብፅና በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይወርዳል።

በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ጄት ይህን ርቀት ሳያርፍ ቢሄድ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጅበታል። አሜሪካዊቷ አብራሪ አሚሊያ ኤርሃርት ግን በ1937 እ.ኤ.አ. ግንቦት ከኦክላንድ ተነሥታ፣ ማያሚ ላይ ሰንብታ ምጽዋና አሰብ የደረሰችው በሰኔ አጋማሽ ነበር።

ዛሬም በሁለቱ ጫፎች መካከል ቀጥታ በረራ የለም። የኦክላንድና የሳን ሆዜ ሐበሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳፈረው ረጃጅሞቹ በረራዎች ከሚነሡበት ከሳን ፍራንሲስኮ ነው። በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል በኩል ያለው መንገድ ድምሩ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ከአጭሩ መስመር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በዋሽንግተን ዱለስ በኩል ግን ወደ 15,400፣ በዱባይ በኩል ወደ 15,500 ይደርሳል። ይህ ጭማሪ በአየር ላይ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጉዞውን የሚያስረዝመው ትራንዚቱ ነው፤ ትራንዚቱ ካጠረ ጠቅላላው ጉዞ 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ከረዘመ ግን ከ30 ሰዓት ያልፋል። ትኬት የሚገዛ ሰው ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የትራንዚቱን ርዝመት ቢያይ ይጠቀማል።

የመልስ ጉዞው ከመሄጃው ይከብዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በ13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ይገባል፤ ሲመለስ ግን እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፍ ኖሯል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበትም የክንፉ የማንሳት አቅምም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለረጅሙ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ከሙሉ ጭነት ጋር ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ ይህን ችግር ያቃልላል።

የሰዓቱ ልዩነት በካሊፎርኒያ ክረምት 11፣ ካሊፎርኒያ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋበት ወቅት 10 ነው። በካሊፎርኒያ በጋ ሰኞ ማታ በዚያው አቆጣጠር በ6 ሰዓት ተነሥቶ 22 ሰዓት የተጓዘ መንገደኛ ቦሌ የሚደርሰው ረቡዕ በ2 ሰዓት እንደሆነ ትኬቱ ላይ ይነበባል። በአዲስ አበባ አቆጣጠር ይህ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሊቀበል የሚወጣ ዘመድ ረቡዕ ጠዋት በ2 ሰዓት እንዳይመጣ፣ ቀኑና ሰዓቱ በአገርኛው አቆጣጠር ተለውጦ ይነገረው።