ጓሮን በሚሽታልቮት ማንጠፍ፦ ዋናው ሥራ ከጡቡ በታች ነው

ጊና ባለው የምድር ቤት የሚኖር ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ጀበናውን ይዞ ወጥቶ ከጎረቤት ጋር ቡና ለመጠጣት ቢያስብ ወንበሩ አይረጋም፤ እግሩ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። በከዘራ ወይም በሃሊኾን ለሚሄድ አዛውንት ደግሞ ጎርባጣ መሬት የመውደቂያ ቦታ ነው።

ስለዚህ ብዙዎች ጓሯቸውን በሚሽታልቮት ማንጠፍ ይፈልጋሉ። ሚሽታልቮት በእግረኛ መንገድና በመናፈሻ የሚታየው፣ ከሲሚንቶ የተሠራው፣ እርስ በርሱ እየተያያዘ የሚነጠፈው ጡብ ነው። በቅርብ ዓመታት ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ያየው ኮብልስቶን የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም በሲሚንቶ አይጣበቁም፤ በአሸዋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጠርዙ ያስራቸዋል።

ሥራው ቤተሰብ ተባብሮ ሊወጣው የሚችል ነው። ሆኖም ከሁለት ክረምት በኋላ የሰመጠና የተወላገደ ንጣፍ ብዙ ቦታ ይታያል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጡቡ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው መሬት ሳይዘጋጅ መቅረቱ ነው።

መሬቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኔታንያ፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን አካባቢ ብዙው አሸዋማ ነው፤ ውኃን ቶሎ ያሰርጋል። በአፉላ ዙሪያ፣ በኢይዝራኤል ሸለቆ ያለው ግን ከባድ ጥቁር አፈር ነው። ደምቢያን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዋልካ ማለት ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል። በዚህ ላይ ጡብ ብቻ ቢደረደር ጡቡ ከአፈሩ ጋር ሲነሣና ሲወርድ ይኖራል።

ከመቆፈር በፊት ሁለት ነገር ይጣራል። አንደኛው፣ ጊናው የማን ነው የሚለው ነው። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ በታቡ የተመዘገበው ይታያል፣ ቫአድ ባይቱም ይጠየቃል፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ይሻላል። ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ከዒሪያው መጠየቅም አይጎዳም። ሁለተኛው ከመሬት በታች ያለው ነው፤ የውኃ፣ የፍሳሽ፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንደሚያልፍ ሳይታወቅ ዶማ አይነሣም። የፍሳሹን ሾኻ ክዳን በጡብ መሸፈን የተለመደ ስህተት ነው፤ ቱቦው የተዘጋ ዕለት ንጣፉ ይፈርሳል።

ለምሳሌ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ይወሰድ። ማዕዘኑ መስተካከሉን ለማወቅ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ገመድ ይወጠራል፤ ልክ 5 ሜትር ከመጣ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ለእግር መሄጃ 6 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጡብ ይበቃል። ባለ 10 በ20 ሳንቲሜትሩ ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ስለሚገባ ለ12 ካሬ ሜትር 600 ያስፈልጋል፤ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 40 ያህል ይጨመራል። ቁፋሮው 24 ሳንቲሜትር ነው፤ 15 ለማጻዕ፣ 3 ለሱምሱም፣ 6 ለጡቡ። በዋልካ መሬት ማጻዑ ወደ 20 ወይም 25 ከፍ ይላል። የሚወጣው አፈር 3 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ከ4 ቶን በላይ ነው። የት እንደሚጣል አስቀድሞ ካልታሰበ ጎረቤት ያጣላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ተዳፋቱ ነው። ንጣፉ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ በ3 ሜትር 6 ሳንቲሜትር ይሆናል። ወደ ቤቱ ያዘነበለ ንጣፍ የክረምቱን ውኃ ሁሉ ግድግዳው ሥር ያጠራቅማል፤ ከዚያ ሬቲቩትና ሻጋታ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ያ ጉዳት ከጭቃው የባሰ ነው። ልኩ የሚያዘው በፔሌስና በተወጠረ ገመድ ነው። ፔሌስ ከሌለ ውኃ የተሞላ ጥርት ያለ ቱቦም ይሠራል፤ በሁለቱ ጫፍ ውኃው እኩል ይቆማል። ንጣፉ ከበሩ ደፍ በታች መቅረት አለበት፤ ተዳፋቱም ከቁፋሮው ወለል ጀምሮ ይያዛል።

ማጻዕ የተፈጨ ድንጋይ ከደቃቁ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ በሖምሬ ቢንያን መደብር ‹ማጻዕ ሱግ አሌፍ› ተብሎ ይጠየቃል። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ለዚህ ቦታ 2.2 ሜትር ኩብ ያህል ይታዘዛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማፍሰስ አይገባም። መጀመሪያ ግማሹ ይደለደላል፣ በጥቂቱ ውኃ ይረጫል፣ በኪራይ መጠቅጠቂያ ማሽን ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይደገማል። በእግር ረግጦ ጠነከረ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በጠርዙ ዙሪያ ኤቬን ጋን በኮንክሪት ይተከላል። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ብረቶች ተጋድመው በመካከላቸው ሱምሱም ይፈስሳል፣ በቀጥ ያለ ጣውላ ይላጋል፤ ከዚያ ማንም አይረግጠውም። ነጣፊው በተነጠፈው ጡብ ላይ ተንበርክኮ ወደ ፊት ይሄዳል። ጡብ በዲስክ ሲቆረጥ መነጽርና የአቧራ ጭምብል ግዴታ ነው፤ አቧራው ሳንባን ይጎዳል። በመጨረሻ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ በመጥረጊያ ወደ ስንጥቆቹ ይገባል፣ ማሽኑ ይታለፍበታል፣ አሸዋው እንደገና ይደፋል።

ቁፋሮውና ሸክሙ የልጆችና የልጅ ልጆች ድርሻ ነው። ዕድሜው የገፋ፣ የልብ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ገመዱንና ፔሌሱን ይያዝ። በአገር ቤት የድንጋይ ቤት ሲሠራ ያደገ አባት ዓይኑ ከወጣቶቹ ይሻላል፣ መዛባቱን ቀድሞ ያያል። ጊዜው ከፋሲካ በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ቢሆን ጥሩ ነው። ቁፋሮው እሑድ ቢጀመር ጉድጓዱ ሰንበት ሳይገባ ይሞላል፤ ለሱኮት ዳሱ በአዲሱ ንጣፍ ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። ኩሬ የሠራበት ቦታ ከተገኘ፣ ጡቦቹ አልተጣበቁምና እነዚያን ብቻ አንሥቶ ሱምሱም ጨምሮ መልሶ መንጠፍ ይቻላል።