ዓረብ አገር ለሚሄድ የላስታ ሰው

ላሊበላ ላይ ለእንግዳ ሥርዓት ማስረዳት የዕለት ሥራ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ላይ አስጎብኚው "ጫማ አውልቁ" ሲል ፈረንጁ ምክንያቱ ባይገባውም ያወልቃል። ከኮሮናና ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ግን ጎብኚው ሳስቷል። ሰሜን ወሎ ድሮም ወደ ሳዑዲ የሚሄድ ሰው የማይጠፋበት አገር ነው፤ ዛሬ በእንግድነት የሰው ሥርዓት የሚጠብቀው የእኛው ልጅ ነው።

አገር ቤት ማንም ቀና ብሎ የማያየው ነገር እዚያ ያሳስራል። ገበያ ላይ በግልጽ የሚሸጠው ጫት በሳዑዲ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ሐሺሽ ማዘዋወር ደግሞ በሳዑዲ እስከ ሞት ያስቀጣል። ስለዚህ "ለእህቴ አድርስልኝ" የተባለው በርበሬና ሽሮ እንኳ ከረጢቱ ተፈትቶ ይታይ። ፍተሻ ላይ "የሰው አደራ ነው" ማለት አያድንም።

በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጅዳ ውስጥ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በግል ቤት ሲጸልዩ ተይዘዋል። የተሰጠው ምክንያት ወንድና ሴት ተቀላቅላችኋል የሚል ነበር። የወንድና ሴት መቀላቀል ቁጥጥሩ ከዚያ ወዲህ ላልቷል፤ ከእስልምና ውጭ ያለ የአደባባይ አምልኮ ግን ዛሬም ክልክል ነው። ጽዋ ለለመደ ሰው ይህ ይከብዳል፣ ግን ሳይነሡ ማወቁ ይሻላል። የሰውን ገበና በስልክ መቅረጽም እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል ቅጣት አለው። የአሠሪን ልጆች ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ቀልድ አይደለም።

ብዙዎችን የሚጥለው ግን "ሁሩብ" ነው። ሠራተኛዋ ከቤቱ ስትወጣ አሠሪው "ጠፋች" ብሎ ካስመዘገበ ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ዋጋ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዛት ፖሊስ ደመወዝ ተከልክላ መውጣቷን ላይጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በደል ሲኖር ከመውጣት በፊት ማመልከት ነው። ድብደባ ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ግን ኢቃማ ቀርቶ ነፍስ ይቅደም። ፓስፖርት መንጠቅ እዚያም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም የሚይዙ አሠሪዎች አይጠፉም።

ሕጉ የሚጀምረው ደግሞ እዚሁ ነው። በአዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ያለውን ነው። የትኬት ብር አምጡ የሚል ደላላ ከበር ይመለስ። ዕድሜ ጨምሮ ፓስፖርት ማውጣትም ኋላ የሚያስከፍል ውሸት ነው፤ ሳዑዲ ለቤት ሠራተኛ ከ21 ዓመት በታች አትቀበልም።

በአፋርና በጅቡቲ አድርጎ ከኦቦክ በጀልባ የመን የሚሻገረው ሰው ውልም ኢቃማም የለውም፤ ቢበደል በምን ይከራከራል? ሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ተጠራርጎ የወጣው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ወረቀት የሌለው ነበር።

ከመነሣት በፊት የፓስፖርቱንና የውሉን ፎቶ፣ የአሠሪውን ስምና ስልክ ቤተሰብ ጋር ማስቀመጥ ነው። ኤምባሲያችን ሪያድ፣ ቆንስላ ጄኔራሉ ጅዳ ነው፤ ስልካቸው በወረቀትም ተጽፎ ይያዝ፣ ሞባይል ሊወሰድ ይችላልና።