ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ
በምጽዋ ባሕር ዳር ቤት ስለ መግዛት

ከባሕር ፊት ለፊት ቤት መግዛት የብዙ ሰው ምኞት ነው። ነጋዴው ዕቃው ከመርከብ የሚወርድበትን ወደብ በቅርብ ሆኖ ለመጠበቅ፣ ሹሙም ከሥራው ሲመለስ በነፋሻ ሰገነት ላይ ዐረፍ ለማለትና ልጆቹን በጸጥታ ለማሳደግ ይመኘዋል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ደላላው አስቀድሞ የሚያሳየው ሰገነቱንና የባሕሩን መልክ ስለ ሆነ፣ ገዢው ለዓይኑ ደስታ ገንዘቡን ከፍሎ የቤቱን ጣጣ ኋላ የሚያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉና እኛም የቀይ ባሕርን ጥንታዊ ወደብ ምጽዋን አብነት አድርገን፣ ብዙ ትውልድ በኖረበት የባሕር ዳር ሰፈር ቤት የሚገዛ ሰው ምን ምን ሊመረምር እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ እንገልጻለን። የዓመታቱ ቁጥር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሰፈሩ አቀማመጥ

ምጽዋ በሦስት ክፍል የምትታይ ከተማ ናት። መጀመሪያው ወደቡና ጥንታዊው ከተማ ያለበት የምጽዋ ደሴት ነው። ሁለተኛው በመካከል የሚገኘው የጥዋለት ደሴት ነው። ሦስተኛው በየብስ በኩል ያሉት እንደ ዕዳጋ፣ እንደ ሕጡምሎና እንደ እምኩሉ ያሉት ሰፈሮች ናቸው። ደሴቶቹን እርስ በርሳቸውና ከየብሱ ጋር የሚያገናኙት፣ ባሕሩን በድንጋይ ደልድለው የተሠሩት መንገዶች፣ ከተማይቱ በግብፅ አስተዳደር ሥር በነበረችበት በ1870ዎቹ ዓመታት፣ ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር በገዢነት ተሹሞ ሳለ የተሠሩ ናቸው። ከየብስ ወደ ጥዋለት የሚያሻግረው ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

በምጽዋ ደሴት ያሉት ያረጁ ቤቶች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። በብዙዎቹ ምድር ቤቱ ለሱቅና ለዕቃ ማከማቻ፣ ደርቡ ለቤተ ሰብ መኖሪያ እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። በዓረብኛ ሮሻን የሚባለው፣ በእንጨት ርብራብ የተሸፈነው ወጣ ያለ መስኮት ነፋስ ያስገባል፤ በቤት ያሉት ሰዎች ሳይታዩ መንገዱን እንዲመለከቱም ያስችላል። የመንገዶቹ ጥበትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ ይሆነዋል። በዚህ ስፍራ ከሐድራሞት፣ ከሒጃዝ፣ ከግብፅና ከህንድ የመጡ ነጋዴዎች ከሰምሃር ተወላጆች ጋር በአንድነት ኖረዋል።

ጥዋለት ግን ሌላ መልክ አላት። ቦታው ሰፋ ያለ፣ ቤቱ ከቤት የራቀ፣ አትክልትም የሚተከልበት ነው። ቤተ መንግሥቱና የባቡር ጣቢያው የተሠሩት በዚያ ነው። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ ይልቁንም የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በ1955 ከተቋቋመ ወዲህ፣ ብዙ ሹማምንትና መኮንኖች ከደጋ ወርደው በምጽዋ ከነቤተ ሰባቸው ተቀምጠዋል። ፌዴሬሽኑ በ1962 ፈረሰ፤ ኤርትራም በ1993 ራሷን የቻለች አገር ሆነች። ቢሆንም በጥዋለትና በምጽዋ ተወልደው ዛሬ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተ ሰቦች አሉና፣ የዚያ ሰፈር ነገር ለአንባቢዎቻችን የባዕድ ነገር አይደለም።

ድንጋዩና ጨዉ

ገዢ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ አስቀድሞ መመልከት ያለበት ከወለል እስከ ወገቡ ድረስ ያለውን ግድግዳ ነው። የጥንቱ የምጽዋ ቤት የተሠራው ኮራል ከሚባለው፣ ከባሕር ውስጥ ተቆርጦ ከሚወጣው ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ሲሆን ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ስለ ሆነ እርጥበትን ይመጣል። ውኃው ከመሠረት ወደ ላይ ይወጣል፤ በሙቀቱ ሲተንም ጨዉ በግድግዳው ውስጥ ይቀራል፤ ጨዉም እየደረቀና እያበጠ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረፍረዋል።

የቀድሞ ግንበኞች ይህን ዐውቀው ግድግዳውን በኖራ ይለስኑት ነበር። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ሲበላሽም ልስኑ ይረግፋል እንጂ ድንጋዩ አይጎዳም። ስለዚህ በየጊዜው መልሶ መለሰን የቤቱ ቀለብ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ብዙ ሰው ለጥንካሬ ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶው ግን እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዘው፣ ከውጭ ሲያዩት ያማረው ቤት ከውስጥ ይበሰብሳል። እንግዲህ ለሽያጭ ሲባል በቅርቡ በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ቤት ያየ ሰው ሊደሰት ሳይሆን ሊጠረጥር ይገባዋል።

በ1921 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን ክፉኛ ስለ ጎዳት፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ሕንፃዎች በብረትና በሲሚንቶ ተሠሩ። እነዚህም የራሳቸው ደዌ አላቸው። የባሕሩ ጨው ወደ ውስጥ ዘልቆ ብረቱን ያዝገዋል፤ የዛገው ብረት ስለሚያብጥ ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል። በጣራና በምሰሶ ላይ በብረቱ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሄደ ስንጥቅና ቡናማ ዝገት የሚታይበት ቤት ከሆነ፣ ሕንፃ ዐዋቂ ሳያየው ቀብድ መስጠት አይገባም።

የሱዋኪን ትምህርት

የባሕር ዳርን ቤት የሚያፈርሰው ጨው ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ የሱዳንን ወደብ የሱዋኪንን ነገር ያስተውል። ሱዋኪን እንደ ምጽዋ በደሴት ላይ የቆመች፣ ከየብስ ጋር በድልድል መንገድ የተያያዘች፣ ቤቶቿም ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ከተማ ናት። በ1865 ሁለቱም ወደቦች ከቱርክ እጅ ወደ ግብፁ ከዲቭ ተላልፈው ነበርና ዕድላቸውም ተመሳሳይ ነበር። እንግሊዞች ፖርት ሱዳን የሚባለውን አዲስ ወደብ ሠርተው በ1909 ሲከፍቱ ግን ንግዱ ወደዚያ ሄደ፤ ንግዱን ተከትለው ነጋዴዎቹ፣ ነጋዴዎቹን ተከትለው ቤተ ሰቦች ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ጣራ የሚጠግን፣ ኖራ የሚለስን ስለ ጠፋ እነዚያ ያማሩ ደርቦች አንድ በአንድ ተንደው የደሴቱ ከተማ የድንጋይ ክምር ሆነ።

ድንጋዩ ያው ነበር፤ ባሕሩም ያው ነበር፤ የጎደለው ነዋሪው ነው። የባሕር ዳር ቤት የሚቆመው በውስጡ በሚኖረው ቤተ ሰብ ነው። ከዚህ የተነሣ ገዢው ከግድግዳው ቀጥሎ የሚመረምረው በግራና በቀኝ ያሉት ቤቶች ሰው የሚኖርባቸው መሆናቸውን ነው። ግድግዳቸው የተያያዘ እንደ መሆኑ መጠን፣ የባዶው ቤት ጣራ ያስገባው ዝናብ የጎረቤቱን ግድግዳ ያረጥባል።

ውኃና ሐሩር

የምጽዋ ደሴት ምንጭ የላትም። በቀድሞ ዘመን የመጠጥ ውኃ ከእምኩሉ ጉድጓዶች ይመጣ ነበር፤ በግብፅ ዘመንም ውኃውን ከእምኩሉ ወደ ከተማይቱ የሚያመጣ መስመር ተሠራ። ዝናቡ በዓመት 200 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚዘንበውም በደጋው በጋ በሚሆንባቸው ወራት ነው። ስለዚህ ገዢው ውኃ በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚመጣ፣ የቤቱ ማጠራቀሚያ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ የባሕር ውኃም ሰርጎ እንዳይገባበት በጎረቤት ምስክርነት ያረጋግጥ። ክዳን የሌለው ማጠራቀሚያ የወባ ትንኝ ስለሚያራባና ለሕፃናትም አደጋ ስለሆነ፣ ልጆች ያሉት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይመልከት።

የደጋው ክረምት ለባሕሩ ዳር ሐሩር ነው። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያልፋልም። በጥንት ዘመን ባለጸጎች ነጋዴዎች በሕጡምሎና በእምኩሉ ሁለተኛ ቤት ነበራቸው። የባቡሩ ሐዲድ በ1911 አሥመራ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ዐቅም ያለው ሰው ቤተ ሰቡን ወደ ደጋ ያወጣ ነበር። በምጽዋ የሚቀረው ሰው ሌሊቱን በሰገነት ወይም በደጅ አልጋ ዘርግቶ ያድራል። እንዲህ ባለ ስፍራ የጎረቤት ጠባይ ቀላል ነገር አይደለም። ሚስትና ልጆች ከጎረቤት ሰገነት ጋር ፊት ለፊት የሚያድሩበት ሰፈር፣ ሰዎቹ የሚተዋወቁበትና የሚተፋፈሩበት ካልሆነ እንቅልፍ የለም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የእኛ አባባልና «ከቤቱ በፊት ጎረቤቱ» የሚለው የዓረቦች ምሳሌ በዚህ ነገር ይስማማሉ።

ሰነዱ

ዓረቦቹ ይህን በምሳሌ ብቻ አልተዉትም። በእስልምና ሕግ፣ በተለይም በሐነፊ የሕግ ትምህርት፣ ጎረቤት አጠገቡ የሚሸጠውን ቤት ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊገዛ የሚችልበት ሹፍዓ የሚባል መብት አለ። በጥንታዊ የባሕር ዳር ሰፈር ጎረቤትን ሳያማክሩ መግዛት ነውር ተደርጎ መታየቱም ሥር ያለው ነገር ነው።

ሌላው ወቅፍ የሚባለው ነው። ለመስጊድ ወይም ለበጎ አድራጎት በወቅፍ የተሰጠ ቤት አይሸጥም፤ አይወረስም፤ ኪራዩ ብቻ ለተሰጠበት ጉዳይ ይውላል። በምጽዋ እንዲህ ያሉ ቤቶች ከጥንት ጀምሮ ስላሉ፣ ሻጩ «የአያቴ ቤት ነው» ማለቱ ብቻውን አይበቃም። አያቱ ባለቤት ነበሩ ወይስ ተከራይ ወይስ የወቅፉ አስተዳዳሪ? ይህ ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ከዚህ በላይ የሕጉ መለዋወጥ አለ። በ1960 (በኢትዮጵያ 1952 ዓመተ ምሕረት) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ ፈራሽ ነው ብሎ ደነገገ። በ1975 (በኢትዮጵያ 1967 ዓመተ ምሕረት) በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። የኤርትራ መንግሥት በ1994 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 58 መሬት የመንግሥት መሆኑን ደነገገ፤ በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 95 ደግሞ በመሬት ላይ ያሉ መብቶች እንዲመዘገቡ አዘዘ። እንግዲህ ገዢው የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን እንጂ አፈሩን አይደለም። የሚከፍለውንም ዋጋ ይህን ዐውቆ ይመዝን።

በመጨረሻም የወራሾች ጉዳይ አለ። በረዥሙ ጦርነት ዘመን ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሱዳን፣ ወደ ዓረብ አገርና ወደ አውሮፓ ስለ ተበተነ፣ የአንድ ቤት ወራሾች በአራት አገር ሊገኙ ይችላሉ። በጋራ የተያዘ ቤት የሁሉም ፈቃድ ካልተገኘ በሙሉ ሊሸጥ አይችልም። ከአምስት ወራሾች የሦስቱን ፊርማ ይዞ የሚገዛ ሰው ከቤቱ ጋር የማያልቅ ክርክር ገዝቷል ማለት ነው።

ዋጋውን ስለ መደመር

በየካቲት ወር 1990 (በኢትዮጵያ 1982 ዓመተ ምሕረት) ምጽዋ የጦር ሜዳ ሆነች፤ ከተያዘችም በኋላ በደርግ አውሮፕላኖች ተደበደበች። የጥዋለት ቤተ መንግሥት ጉልላት ያን ጊዜ ፈረሰ፤ ብዙ መኖሪያ ቤቶችም ተመቱ፤ ነዋሪውም ተሰደደ። በቦምብ ያልወደቀውን ቤት ባዶነት ጣለው፤ ተመልሶ ገብቶ ጣራውን የደፈነ ቤተ ሰብ ያገኘ ቤት ግን የመትረፍ ዕድል አገኘ። የሱዋኪን ትምህርት በዚህም ተረጋገጠ።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ አራት ነገሮችን ይደምራል፤ የመግዣውን ዋጋ፣ የመጀመሪያውን እድሳት ወጪ፣ በየዓመቱ ለኖራና ለእንጨት የሚወጣውን፣ በሐሩር ወራት ቤተ ሰቡ በደጋ የሚቀመጥበትን ኪራይ። ሻጩ የሚነግረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀሩትን ሦስቱን ሊነግረው የሚችለው ጎረቤት ነው፤ ሲመሽ ሄዶ ይጠይቀው።

ነጋዴዎች ደርቡን ሳይቀር መጋዘን ለማድረግ ቤት ሲገዙ ኪራዩ ቢያተርፋቸውም፣ ሌሊት መብራት የማይበራበት መንገድ እያበዙ የገዙትን ሰፈር ዋጋ ራሳቸው እንደሚያወርዱ ያስቡበት፤ ምድር ቤቱን ለንግድ፣ ደርቡን ለኗሪ የሰጠው የጥንቱ ልማድ ሁለቱንም ያኖር ነበር። ከሹማምንትም የሚጠበቀው ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። መዝገቡ ንጹሕ ይሁን፤ ወቅፉ ከግል ንብረት ተለይቶ ይጻፍ፤ ባለቤቱ በሌለበት ቤት ጣራው በጊዜ እንዲደፈን ይታዘዝ፤ ኖራ መለሰን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ወጣቶች ሙያውን ይማሩባቸው። የውኃው ተራ በሰዓቱ ከደረሰና ትምህርት ቤቱ ለልጆች በእግር የሚደረስበት ከሆነ ቤተ ሰብ በገዛ ፈቃዱ ይቀመጣል፤ ቤተ ሰብ በተቀመጠበት ሰፈርም ቤት ለመግዛት ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አይታጣም።