ለጤና ጽሑፍ የሚከፍለው ማነው?

በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በሌላው የፎገራ ሜዳ ቀበሌ በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ፖስተሮችን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። ከላይ አጎበር ውስጥ የተኛች እናትና ልጅ፣ ከሥር ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የመንግሥትና የለጋሽ ድርጅቶች አርማ በረድፍ። የጸሐፊው ስም የትም የለም። ተከፍሎታል ግን። በአገራችን ስለ ጤና ጽፎ ደህና ገንዘብ ያገኘ ሰው ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የከፈለው አንባቢ አይደለም፤ ጋዜጣም አይደለም፤ ፕሮጀክት ነው።

አሁን ጉዳዩን ማንሳት ያስፈለገውም ያ ገንዘብ በመንጠፉ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ ወሬው ሁሉ ስለ መድኃኒትና ስለ ሠራተኛ ነበር፤ ጤና ሚኒስቴርም በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ገደማ ሠራተኞችን ውል ማቋረጡ ተዘገበ። ብሮሸር የሚጽፉ፣ የሬዲዮ ስፖት የሚያዘጋጁ፣ የመስክ ሪፖርት የሚያጠናቅሩ በግል ሠርተው አዳሪዎች ግን በማንም መዝገብ ላይ ስላልነበሩ የቆጠራቸው የለም።

የዚህ ሥራ ወርቃማ ዘመን የኤች አይ ቪ ዘመን ነበር ብል ጭካኔ ይመስላል፤ እውነት ነው ግን። ከሁሉ የሚበልጥብኝ «የቀን ቅኝት» ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያስተላለፈው ይህ ተከታታይ ድራማ 257 ክፍል ነበረው። ለጤና መልእክት 257 ክፍል የሚያስጽፍ ከፋይ ዛሬ ከየት ይገኛል? ድርጅቱ የተከተለው ሚጌል ሳቢዶ የተባለው ሜክሲኳዊ የቀየሰውን ዘዴ ነው፤ አንዱ ገጸ ባሕርይ መልካሙን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ክፉውን፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ሲዋልል አድማጩ አብሮት ይዋልላል። ደራሲው ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም ነበር። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች መረጃውን ያቀርባሉ፤ እሱ ትዳርና ቅናት፣ ድህነትና ሐሜት ያለብሰዋል። ከአድማጭ የጎረፈው ደብዳቤ ከ15 ሺህ ይበልጥ ነበር። እንደኔ እምነት በአማርኛ ከተጻፈ የጤና ጽሑፍ ሁሉ እንዲህ የተደመጠ የለም፤ የተከበረ ብዕርና የተከበረ ክፍያ አንድ ላይ ስለነበሩ ነው።

የጋዜጣው መንገድ ሌላ ነው። አዲስ አድማስ «ዋናው ጤና» የሚል ዓምድ ነበረው፤ «ላንቺና ላንተ» የሚለው ደግሞ ከኢትዮጵያ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ጋር የሚዘጋጅ ነበር። ይህን ሁለተኛውን የምወደው ከማን እንደመጣ ሳይደብቅ በመጻፉ ነው። የሚያናድደው ሌላው ዓይነት ነው፦ ስለ ኩላሊት ጠጠር የሚያስተምር መስሎ ይጀምርና ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የአንድ ክሊኒክ ስልክ ቁጥር ይዞ ብቅ ይላል። ጸሐፊው የተከፈለው ከክሊኒኩ ነው፤ አንባቢው ይህን አያውቅም። የማስታወቂያ አዋጁ (759/2004) ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከሌላው ፈጥኖ ይገኛል፣ ፈጥኖም ይከፈላል። የሚቀበል ካለ «ስፖንሰር የተደረገ» የሚለው ቃል እንዲታተም ይደራደር፤ እምቢ ካሉት ይተወው። በቴሌግራምና በቲክቶክ ያለው ከዚህ የባሰ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

የሕክምና ጆርናሎች ለጸሐፊ አይከፍሉም፤ የደረጃ ዕድገት ነው የሚያሰጡት። መጽሐፍም በአብዛኛው በራስ ወጪ ነው፤ እንደ ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ምህረት ደበበ ዕውቀቱን ልብ ወለድ አድርጎ ብዙ አንባቢ ማግኘት የጥቂቶች ዕድል ነው። የውጭ ድረ ገጾች በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ይከፍላሉ፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ያጓጓል። ነገር ግን በፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ መቀበል አይቻልም፤ በፎገራዋ ወረታ ከተማ ላለ ሰው ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መክረሙ ሲታሰብ፣ ቀነ ገደብ ለውጭ አርታኢ ቃል መግባት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ምን ቀረ? ለዚህ አካባቢ ሰው የቀረው፣ እኔም ከሁሉ የተሻለ የምለው፣ የምርምር ጽሑፍ ነው፤ ጆርናል ላይ የሚወጣው ሳይሆን ጥናቱ ሲካሄድ ለተሳታፊው የሚዘጋጀው። ለምሳሌ በ1997 ዓ.ም. በፎገራ ጎረቤት በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው በወባ ስም እየታከመ ሳይድን ሲሞት ቆይቶ በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት ካላዛር የቆላ በሽታ ነበር፤ ወደ ደጋው ይዘውት የመጡት ለአጨዳና ለአረም ወደ ሁመራና መተማ የሚወርዱ ወቅታዊ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ላይ ሕክምና ተጀመረ፤ ጥናቱም ፎገራን ጨምሮ ቀጠለ። ሳይንሳዊው ውጤት የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የተሠራው መጠይቁና የስምምነት ቅጹ ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ዛሬም ይከፈልበታል።

የስምምነት ቅጽ ሲጻፍ እንዲህ ነው። ተመራማሪው በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውን አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ፤ ከዚያ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ያየዋል። ቅጹ ሩዝ ሲያርም ውሎ ለመጣ ገበሬ ጮክ ተብሎ ይነበባል። «በጥናቱ ባይሳተፉም ከጤና ጣቢያው የሚያገኙት ሕክምና አይቋረጥብዎትም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአንድ ንባብ ካልገባው፣ ፊርማው ፊርማ አይደለም። ይህን በፎገራ አነጋገር የሚጽፍ ሰው አዲስ አበባ ላይ አይገኝም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማኒያሲስ (ካላዛርን የሚጨምረው በሽታ) ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ ባሕር ዳር ላይ የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ከየቦታው ተማሪና ተመራማሪ በየዓመቱ መጠይቅ ይዞ ይወጣል። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የነበረች፣ ወይም ነርስ ሆኖ ብዕር የሚቀናው፣ ለዚህ ሥራ ከጋዜጠኛ ይልቅ የተሻለ ነው።

ሥራው ሲገኝ ቢጋሩን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ስንት ገጽ፣ ስንት ጊዜ እርማት፣ ክፍያው መቼ የሚለው ይስፈር። የቅጂ መብት አዋጁ (410/1996) ሌላ ስምምነት ከሌለ በውል የተሠራ ሥራ መብት የአሠሪው ነው ስለሚል፣ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ማሳተም የሚፈልግ ከፊርማው በፊት ይናገር። የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ከሌለው አቅራቢ ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ እንዲያዝ ያዛል፤ ቲን ቁጥር ሳያወጡ ሥራ አይጀምሩ።