ጎማ በመልኩ አይገዛም

በሐምሌ ወር አንድ ማታ ከአንድ ወዳጃችን ጋር ከኦሎምፒያ ወደ መስቀል አደባባይ በመኪና እንመጣ ነበር። ወዳጃችን ካሳንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ወጣት ነው፤ መኪናይቱም አጎቱ ከውጭ አገር ይዘዋት ገብተው በኋላ ለእርሱ የሰጡት፣ ሁለት በር ያላት የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። ዝናቡ ይወርድ ነበር። ደምበል ሕንፃ አጠገብ ስንደርስ አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ወደ እግረኛ ማቋረጫው ገባች። ወዳጃችን ፍሬን ያዘ፤ መኪናይቱ ግን አልተያዘችም። እንደ ጀልባ ተንሳፍፋ ሄዳ ከሴትዮዋ ዘንድ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ልጇን ወደ ጉያዋ ስባ አንድ ጊዜ ተመለከተችንና መንገዷን ቀጠለች። ያ አመለካከት ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር።

ደምበል የዝዋይ ሐይቅ ሌላ ስሙ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በዚያ ሕንፃ ፊት ለፊት የሚያልፍ ሰው መንገዱ ስሙን ያስታወሰ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡና በመንገዱ ላይ መጫን ደግ አይደለም። በማግሥቱ ወዳጃችን «ፍሬኑ ይታይልኝ» ብሎ መኪናይቱን ለአንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ባሳየ ጊዜ፣ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በጎማው ጥርስ መካከል አስገቡና ፈገግ አሉ።

«ልጆቼ፤ መኪና የሚቆመው በፍሬን ይመስላችኋል? ፍሬን የሚያቆመው ቸርኬውን ነው። መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ነው» አሉን።

ይህ ቃል የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የሰው መዳፍ በሚያህል ስፍራ ብቻ ነው። እንግዲህ ከአንድ ሺህ ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝነው መኪና ከነተሳፋሪዋ በአራት መዳፎች ላይ ተንጠልጥላ ትሄዳለች ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከጎማም የምንፈልገው ይህንኑ ሞኝነት ነው። በጎማው ላይ ያለው ጥርስ ለጌጥ የተቀረጸ ሳይሆን፣ ውሃው ከመዳፉ ሥር የሚሸሽበት ቦይ ነው። አዲስ ጎማ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጥርስ ሲኖረው፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የደረሰ ጎማ በመንገድ ላይ አይፈቀድም። ይህንንም ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች ተሠርተዋልና የጎማው ፊት ከእነዚህ ጋር እኩል ከሆነ ዕድሜው አልቋል። የወዳጃችን ጎማዎች ጉብታቸውን ጨርሰው አልፈውት ነበር።

ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪና ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያን ቋንቋ የወረስናቸው ናቸው። ካሳንቺስ የሚለው ስም እንኳ የመጣው ኢንቺስ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። መኪናው ራሱ ግን ከዚያ በፊት ደርሷል። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለመኪና የተሠራ መንገድ እምብዛም አልነበረም። ነፋስ የሚሞላ ጎማም ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበር፤ ደንሎፕ ለብስክሌት የሠራው እ.ኤ.አ. በ1888፣ የሚሸለን ወንድማማቾችም በመኪና ላይ አድርገው ከፓሪስ ቦርዶ የተወዳደሩት በ1895 ነው።

ሽማግሌው የነገሩንን ይዘን ወደ መርካቶ፣ ወደ ጎማ ተራ ሄድን። በዚያም ሦስት ፈተና ገጠመን።

የመጀመሪያው ፈተና የመልክ ፈተና ነው። አንድ ነጋዴ የሚያብረቀርቅ ሰፊ ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር አቀረበልን። ወዳጃችን የመሥሪያ ቤቱ ጓደኞች ምን እንደሚሉ እያሰበ ዐይኑ ፈዘዘ። እዚህ ላይ በጎማው ጎን የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። የመኪናይቱ የፋብሪካ ልክ 205/55 አር 16 ነው። 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 55 ከስፋቱ አንጻር የጎኑ ቁመት በመቶኛ፣ «አር» ራዲያል የተባለው አሠራር፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስለዚህ የዚህ ጎማ ጎን 113 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው። የቀረበልን 225/40 አር 18 ግን 90 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስስ ጎን በመልካም አስፋልት ላይ መሪውን ፈጣን ያደርጋል፤ ኮብልስቶንና ጉድጓድ በበዛበት ሰፈር ግን ምቱን የሚቀበል ትራስ የለውም። ቸርኬው ይጣመማል፤ በጎማው ጎን ውስጥ ያለው ክር ተበጥሶ እብጠት ይወጣል። ያበጠ ጎማ ደግሞ መቼ እንደሚፈነዳ አይናገርም።

ሁለተኛው የፍጥነት ፈተና ነው። ከልኩ ቀጥሎ 91 ቪ የሚል ተጽፏል። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ሊሸከም እንደሚችል፣ «ቪ» ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። «ኤች» 210፣ «ደብልዩ» 270 ነው። በአዲስ አበባ ማን 240 ይነዳል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ፊደሉ የመፎከሪያ አይደለም፤ ጎማው ሙቀትንና ጫናን የሚችልበት ልክ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ካዘዘው በታች መውረድ አይገባም፤ ከዚያ በላይ እየወጡ ገንዘብ ማፍሰስም አያስፈልግም። ለክረምታችን የሚበጀው ውሃ የሚያስወጣ ሰፊ ቦይ ያለው ጎማ ነው። ለአውሮፓ በረዶ ታስቦ ከለስላሳ ጎማ የተሠራው ያገለገለ ዕቃ ግን በሞቀ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉ የባሰው ነው። አንድ ወጣት ሻጭ ልኩ የሚስማማ፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ ዋጋውም የቀነሰ ጎማ አመጣ። «ወንድሜ፣ የ16 ነው፤ ገና ትኩስ ነው» አለ። እውነትም በጎኑ ላይ 3516 የሚል ታትሟል። ይህ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል። ወዳጃችን ገንዘቡን መቁጠር ከጀመረ በኋላ ነበር እጁ የቆመው። ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ በእኛ ዘመን አቆጣጠር አያትምም። ያ ጎማ የተሠራው በፈረንጆች 2016፣ በሠላሳ አምስተኛው ሳምንት፣ ማለት በእኛ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነበር። ትኩስ ያልነው ጎማ ስምንት ዓመት ያህል ይበልጠናል ማለት ነው። ሻጩ ሊያታልለን አስቦ ነው ለማለት አንደፍርም፤ እርሱም እንደ እኛ አንብቦት ይሆናል። ጎማ ግን ሳይነዳም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከአሥር ዓመት በላይም ፈጽሞ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። እንግዲህ አንባቢ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ቢይዝልን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ድካሙን አገኘ እንላለን።

ወዳጃችን በእጁ የነበረው ገንዘብ ለሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ይበቃ ነበር። ሁለት ብቻ የሚገዛ ሰው አዲሶቹን ከኋላ ማድረግ ይገባዋል፤ የፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የኋላው ቢንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል። ሆኖም የፊቶቹም ጎማዎች ያለቁ ስለ ነበሩ ይህ መፍትሔ አልሆነም። ስለዚህ ወጣቱ ባለ ስፖርት መኪና ሁለት ወር ሙሉ መኪናይቱን ግቢ አቁሞ በሚኒባስ ወደ ሥራው ተመላለሰ። በመሥሪያ ቤቱም «ፈረሱ ታመመ ወይ?» እያሉ ቀለዱበት። ለወጣት ሹም ይህ ቀላል አይደለም። ግን የሳቁበት ሁሉ ያን ማታ ደምበል አልነበሩም።

በመስከረም አራቱንም በፋብሪካው ልክ፣ ሁሉንም ከአንድ ዓይነት ገዛ። ሽማግሌው ጎሚስታ ባላንስ አድርገው ሲያስሩለት «ጋሼ፣ አየሩስ ስንት ይሁን?» ብንላቸው፣ በሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳዩንና «ጠዋት፣ ሳይሞቅ ይለካ» አሉን። ምክንያቱም ጎማ ሲሞቅ አየሩ ይነፋል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ከዚህ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የወረደ ጎማ ቀዳዳ ሳይኖረው በመለኪያው ላይ ጥቂት ፒ ኤስ አይ ጐድሎ ሊገኝ ይችላል፤ በቆላ ያለው የውጭ አየር ይበልጥ ይጫናልና። በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚወርድም ሰው ይህን አይርሳ። አየር የጐደለው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ የጋለም ይፈነዳል።

ይህ ሁሉ ለባለ ስፖርት መኪና ብቻ የተነገረ አይምሰል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በመንገዳችን ላይ በርክተዋል። እነርሱ ከባድ ባትሪ ስለሚሸከሙና ሲነሡ ፈጣን ስለሆኑ ጎማቸውን ቶሎ ይበላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ባለቤቶቻቸው ከወዲሁ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ።

በመስከረም መጨረሻ፣ የዘገየ ዝናብ በወረደበት አንድ ማታ፣ ከወዳጃችን ጋር እንደ ገና በደምበል በኩል አለፍን። በማቋረጫው ላይ ተማሪዎች እየሮጡ ገቡ። ፍሬን ያዘ፤ መኪናይቱም ከመስመሩ በፊት ቆመች። ልጆቹ እኛን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ተሻገሩ።